ክርክሩ በግብሩ ላይ አይደለም

በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በዊተን ወይም በሃያትስቪል ቤት የገዛ ኢትዮጵያዊ በየሦስት ዓመቱ ከሜሪላንድ ስቴት መንግሥት አንድ ደብዳቤ ይደርሰዋል። ፖስታው የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ በፈረንጆች ገናና በእኛ ገና መካከል፣ ሰው ሁሉ በድግስና በእንግዳ በተጠመደበት ሰሞን ነው። ወረቀቱ ገንዘብ ክፈል አይልም፤ ቤቱ ይህን ያህል ያወጣል ብለን ገምተናል ይላል እንጂ። ክፈል የማይል ወረቀት ደግሞ ማንንም አያስደነግጥም፤ ብዙ ሰው ገረፍ አድርጎ አንብቦ መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል። በጁላይ የካውንቲው ቢል ከወትሮው ከፍ ብሎ ሲመጣ ነው ነገሩ ትዝ የሚለው። ያኔ ደብዳቤውን ፈልጎ ቢያወጣው ይግባኝ የሚባልበት ጊዜ ካለፈ አምስት ወር ሊሞላው ነው።

ፕሮፐርቲ ታክስ ተጨመረብኝ የሚል ሰው በሜሪላንድ አቤት የሚልበት የተደራጀ መንገድ አለው። መንገዱ ሦስት ደረጃ አለው፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ያለ ጠበቃና ያለ ክፍያ መሄድ ይቻላል። ችግሩ ብዙዎቻችን ቢሮ የምንሄደው ደጅ በመጥናት ልማድ መሆኑ ነው፤ ኑሮ መክበዱን፣ ልጆች ኮሌጅ መግባታቸውን፣ ጡረታ መውጣታችንን እንናገራለን። ሰሚው በትሕትና ያደምጣል፤ ግምቱ ግን ባለበት ይጸናል። ምክንያቱም እዚያ ጠረጴዛ ላይ የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፦ ይህ ቤት በጃንዋሪ 1 ቀን ገበያ ላይ ቢወጣ ስንት ያወጣ ነበር? ለዚህ የማይመልስ ማስረጃ ሁሉ፣ እውነት ቢሆንም፣ አይረዳም።

ሦስት እጆች ያሉበት ቢል

በብዙ የአሜሪካ ስቴቶች ቤት የሚገምተው ካውንቲው ወይም ከተማው ነው። በሜሪላንድ ግን ሥራው የስቴቱ ነው። የግምትና የግብር መሥሪያ ቤቱ፣ በአፍ ልማድ «ኤስዳት» የሚባለው፣ ዋና ጽሕፈት ቤቱ ባልቲሞር ሲሆን በ23ቱም ካውንቲዎችና በባልቲሞር ከተማ ቅርንጫፍ አለው። የሞንትጎመሪ ካውንቲ ቅርንጫፍ ሮክቪል ነው። ኤስዳት ዋጋ ይገምታል እንጂ ግብር አይጥልም። ተመኑን የሚወስነው የካውንቲው ምክር ቤት ነው። ስቴቱም በበኩሉ በየ100 ዶላሩ ግምት ላይ ለብዙ ዓመታት ሳይለወጥ የቆየ 11.2 ሳንቲም ያስከፍላል። ቢሉን አዘጋጅቶ ገንዘቡን የሚሰበስበው ደግሞ የካውንቲው ፋይናንስ ክፍል ነው።

ስለዚህ ቅሬታው የየትኛው እንደሆነ ለይቶ መነሳት ይገባል። ተመኑ በዛ የሚል ሰው ቦታው የካውንቲው ምክር ቤት በጀት ከማጽደቁ በፊት የሚያካሂደው የሕዝብ አስተያየት መድረክ ነው። ቢሉ ላይ የስም፣ የክፍያ ወይም የቅጣት ስሕተት ያየ ሰው ፋይናንስ ክፍሉን ያነጋግራል። ኤስዳት ዘንድ የሚኬደው ቤቱ የተገመተበት ዋጋ ከገበያው በልጧል ለማለት ብቻ ነው።

የስቴቱ ቤቶች በሦስት ምድብ ተከፍለዋል፤ በየዓመቱ አንዱ ምድብ ይገመታል። ገማቾቹ በየቤቱ እየገቡ አያዩም፤ በአካባቢው የተሸጡ ቤቶችን ዋጋ ይሰበስባሉ፣ ከዚያ በመዝገብ ላይ ባለው የእያንዳንዱ ቤት ስፋት፣ ዕድሜና ጥራት መሠረት ያሰላሉ። ቤዝመንቱ ውኃ እንደሚገባው፣ ወጥ ቤቱ ከ1970ዎቹ ጀምሮ እንዳልተነካ ከውጭ ሆኖ ማወቅ አይቻልም። ይህ የጅምላ አሠራር ለሺዎች ቤቶች በአማካይ ልክ ሊሆን ይችላል፤ ለአንድ ቤት ግን ሊስት ይችላል። ይግባኝ የተፈቀደውም ለዚሁ ነው።

ደብዳቤው እንዴት ይነበባል

ማስታወቂያው ላይ የድሮው ግምትና አዲሱ ግምት ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ መሬቱና ቤቱ ለየብቻ፣ ከዚያም ድምሩ። ክርክሩ በድምሩ ላይ ነው። መሬቱ ብቻ ተወደደ ብሎ መሟገት አያዋጣም፤ ሁለቱ ተደምረው ከገበያው ዋጋ ካልበለጡ ግምቱ ይጸናል።

ጭማሪ ካለ በአንድ ጊዜ አይጫንም፤ ለሦስት ዓመት እኩል ይከፋፈላል። ቅናሽ ከሆነ ግን ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ይቆጠራል። ለምሳሌ በ480,000 ዶላር ተገምቶ የነበረ ታውንሃውስ አሁን 570,000 ተባለ እንበል። ጭማሪው 90,000 ነው፤ ግብር የሚሰላበት ግምት በመጀመሪያው ዓመት 510,000፣ በሁለተኛው 540,000፣ በሦስተኛው 570,000 ይሆናል። ባለቤቱ ተከራክሮ ዋጋውን ወደ 540,000 ቢያወርድ ደረጃዎቹ 500,000፣ 520,000 እና 540,000 ይሆናሉ። ለሒሳብ እንዲመች ጠቅላላው ተመን በየ100 ዶላሩ 1 ዶላር ነው ብንል፣ የተረፈው በመጀመሪያው ዓመት 100፣ በሁለተኛው 200፣ በሦስተኛው 300፣ በድምሩ 600 ዶላር ነው። ይግባኝ ከማለት በፊት ይህን በወረቀት ላይ ማስላት ጠቃሚ ነው፤ ሰው ለምን ያህል ገንዘብ እንደሚሟገት አውቆ ይገባል።

ማስታወቂያው ላይ ከቁጥሮቹ ይልቅ ቀድሞ መታየት ያለበት ቀኑ ነው። ይግባኙ ማስታወቂያው ላይ ከተጻፈው ቀን ጀምሮ በ45 ቀን ውስጥ መግባት አለበት። የሚቆጠረው ፖስታው ከደረሰበት ወይም ከተከፈተበት ቀን አይደለም። በገና ሰሞን የተላከ ደብዳቤ ጊዜው የሚያልቀው ጥምቀት አልፎ፣ ፌብሩዋሪ ሲጋመስ ገደማ ነው። አገር ቤት የከረመ ሰው ሲመለስ በሩ ተዘግቶ ሊያገኘው ይችላል፤ ስለዚህ በዚያ ሰሞን የሚጓዝ ሰው ፖስታውን የሚከፍትለት ቢወክል ይሻለዋል።

አንደኛ ደረጃ፦ ገማቹ ዘንድ

ይግባኙ የሚጀምረው ግምቱን ካወጣው ቢሮ ራሱ ነው። ይህን ደረጃ ዘሎ ወደ ላይኛው መሄድ አይቻልም። ቅጹ ከማስታወቂያው ጋር ይመጣል፤ በኢንተርኔትም መላክ ይቻላል። በፖስታ የሚልክ ሰው የተላከበትን ማረጋገጫና የቅጹን ቅጂ ያስቀምጥ። ባለቤቱ ክርክሩን በጽሑፍ ብቻ፣ በስልክ፣ በቪዲዮ ወይም ቢሮ ቀርቦ ለማድረግ ይመርጣል። እንግሊዝኛው የማይቀናው ሰው አስተርጓሚ ያስፈልገኛል ብሎ ቀድሞ ያሳውቅ፤ የሜሪላንድ ሕግ የስቴቱ መሥሪያ ቤቶች እንግሊዝኛ ለማይችሉ ነዋሪዎች አገልግሎታቸውን ተደራሽ እንዲያደርጉ ያዛል።

ከክርክሩ በፊት ግን አንድ ወረቀት መጠየቅ አለበት፤ ገማቹ ዋጋውን ያሰላበትን የቤቱን ዝርዝር። ባለቤት ለሆነ ሰው በነጻ ይሰጣል። ብዙ ይግባኝ የሚቀናው ከዚህ ወረቀት በተገኘ ስሕተት ስለሆነ መስመር በመስመር ማንበብ ያስፈልጋል።

ከመሬት በላይ ያለው የመኖሪያ ስፋት በስኩዌር ፊት ተጽፏል፤ ቤቱ ሲገዛ ከተሠራው ግምት ወይም ከፕላኑ ጋር ይመሳከራል። ቤዝመንቱ በተለየ መስመር ይመጣል፤ የተጠናቀቀ ይላል ወይስ ያልተጠናቀቀ? ግማሹ ብቻ ግድግዳና ወለል የገባለት ሆኖ ሳለ ሁሉም እንደተጠናቀቀ ከተቆጠረ ልዩነቱ ቀላል አይደለም። መታጠቢያ ቤቶች ሙሉና ግማሽ ተብለው ይለያሉ፤ ሻወርም ሆነ ገንዳ የሌለው ክፍል እንደ ሙሉ ተመዝግቦ ይሆናል። ጋራዥ፣ በረንዳ፣ የእሳት ምድጃ፣ የተሠራበት ዓመት፣ የጥራት ደረጃ ሁሉም የየራሳቸው መስመር አላቸው። ፈርሶ የተነሳ በረንዳ አሁንም መዝገቡ ላይ ቆሞ የሚገኝበት ጊዜ አለ። እንዲህ ያለ ስሕተት ሲገኝ ፎቶ ማንሳትና መለኪያ ይዞ መለካት ነው፤ ገማቹ በዓይኑ ያላየውን ነገር በፎቶ ያየዋል።

ሁለተኛው ማስረጃ የተሸጡ ቤቶች ዋጋ ነው። ቢቻል በዚያው ሰፈር ያለ፣ በስፋት፣ በዕድሜና በዓይነት የሚቀራረብ፣ ከጃንዋሪ 1 በፊት በነበሩት ወራት የተሸጠ ቤት ይፈለጋል። ታውንሃውስ ከታውንሃውስ ጋር ይነጻጸራል እንጂ ለብቻው ከቆመ ቤት ጋር አይደለም። ሦስት ወይም አራት ጥሩ ምሳሌ ከአሥራ አምስት ደካማ ምሳሌ ይበልጣል። ባንክ የወረሰው ቤት ወይም ወንድም ለእህቱ የሸጠለት ቤት ዋጋ ገበያውን አያሳይም ተብሎ ውድቅ ሊሆን ይችላል። ጎረቤት ሊሸጥ ያወጣው ዋጋም ሽያጭ አይደለም፤ የኢንተርኔት ገጾች በራሳቸው የሚያወጡት ግምትም እንዲሁ። የኤስዳት የንብረት መዝገብ በኢንተርኔት ለሁሉም ክፍት ስለሆነ የእያንዳንዱ ቤት የሽያጭ ቀንና ዋጋ እዚያው ይገኛል። ባለቤቱ የሚያውቀው ሪልተር ካለ ደግሞ ዝርዝሩን በአጭር ጊዜ ያወጣለታል።

ፈቃድ ያለው ገማች ቀጥሮ ማስገመትም ይቻላል፤ ነገር ግን በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ስለሚያስወጣ ከላይ ያየነውን ሒሳብ አስቀድሞ መሥራት ነው። ለሞርጌጅ ተብሎ በቅርቡ የተሠራ ግምት ያለው ሰው ከማቅረቡ በፊት በደንብ ያንብበው፤ ከኤስዳቱ ከበለጠ የሚመሰክረው በራሱ ላይ ነው።

የማይሰሙ ክርክሮች

መሥሪያ ቤቱ ራሱ ለባለቤቶች በሚሰጠው ምክር የማይረዱ ክርክሮችን ይዘረዝራል። ግምቱ በስንት ፐርሰንት እንደጨመረ፣ ድሮ ስንት እንደነበረ፣ ቢሉ ስንት እንደሚሆን፣ መንግሥት ምን አገልግሎት እንደማይሰጥ፣ ትንንሽ ጥገና ስንት እንደሚፈጅ ሁሉም ከዋጋው ጥያቄ ውጭ ናቸው። 30 ፐርሰንት ጨመረ ማለት ገበያው 30 ፐርሰንት ካልጨመረ ብቻ ነው ትርጉም የሚኖረው።

በብዙ ቤት ቅጹን የሚሞላው እዚህ አገር ያደገ ልጅ ነው። ወላጅ ስለ ጡረታውና ስለ መድኃኒቱ ወጪ ይናገራል፤ ልጅ ደግሞ «እማዬ፣ ስንት መክፈል ትችያለሽ አይደለም የሚሉሽ፤ ቤትሽ ስንት ያወጣል ነው የሚሉሽ» ይላል። የልጁ አባባል ሕጉን በአንድ ዐረፍተ ነገር ጠቅልሎታል። የእናቲቱም ጭንቀት ቢሆን መድረሻ አላጣም። በሜሪላንድ ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ ባለቤቶች ቢሉን ከገቢ ጋር አመዛዝኖ የሚቀንስ ሌላ ፕሮግራም አለ፤ በየዓመቱ እስከ ኦክቶበር 1 ማመልከት ያስፈልጋል። ድህነት የሚሰማበት ቢሮና ዋጋ የሚሰማበት ቢሮ የተለያዩ መሆናቸውን ማወቅ ግማሽ ሥራ ነው።

በስልክ የሚደረገው ክርክር ደቂቃዎችን ብቻ የሚወስድ ስለሆነ ነጥቦቹን በቁጥር ማዘጋጀት ጥሩ ነው። መነሻው የሚጠየቀው ዋጋ ነው፤ «ቤቴ 540,000 ነው የሚያወጣው» ብሎ መጀመር፤ ከዚያ የመዝገቡን ስሕተት፣ ቀጥሎ የተሸጡትን ቤቶች ማቅረብ። የራሱን ቁጥር ሳይናገር «ቀንሱልኝ» ብቻ የሚል ሰው ገማቹ የት ላይ እንዲስማማለት እንደሚፈልግ አልነገረውም።

ሁለተኛና ሦስተኛ ደረጃ

ከገማቹ ቢሮ የመጨረሻ ውሳኔ በጽሑፍ ይመጣል። ያልተስማማ ሰው በ30 ቀን ውስጥ ወደ ንብረት ግብር ግምት ይግባኝ ቦርድ ይወጣል። ቦርዱ ከኤስዳት ነጻ ነው፤ በየካውንቲው አለ፤ ጉዳዩን ሦስት አባላት ሆነው ይሰማሉ። ችሎት ቢመስልም ሥርዓቱ የላላ ነው፤ ካባ የለበሰ ዳኛ የለም። ገማቹ ግምቱን ያስረዳል፤ ባለቤቱ የራሱን ያቀርባል፤ አባላቱ ይጠይቃሉ። እዚህ ማስረጃው ለሁሉም እንዲዳረስ ብዙ ቅጂ መያዝ፣ ገማቹ የተጠቀመባቸውን ተመሳሳይ ቤቶች ዝርዝርም አስቀድሞ በጽሑፍ መጠየቅ ይበጃል። ብዙ ጊዜ ክርክሩ የሚዞረው ከሁለቱ ዝርዝሮች የትኛው ይበልጥ ቤቱን ይመስላል በሚለው ላይ ነው።

የቦርዱ ውሳኔ ካላረካ ደግሞ በሌላ 30 ቀን ውስጥ ወደ ሜሪላንድ የታክስ ፍርድ ቤት ይኬዳል። ስሙ ፍርድ ቤት ይሁን እንጂ በሕግ አቋሙ የዳኝነት ሥልጣን የተሰጠው አስተዳደራዊ አካል ነው። ሆኖም እዚህ ቃለ መሐላ አለ፣ ጉዳዩም እንደ አዲስ ይታያል፤ ስሕተቱን የማስረዳት ሸክሙም በይግባኝ ባዩ ላይ ነው። ፍርድ ቤቱ ግምቱን መቀነስ ብቻ ሳይሆን መጨመርም ስለሚችል መዝገቡ ውስጥ ያልገባ አዲስ ክፍል ወይም የተጠናቀቀ ቤዝመንት ያለው ሰው ሁለት ጊዜ ያስብ። ከዚህ በላይ ያለው መደበኛው ፍርድ ቤት ነው፤ እዚያ ሲደረስ ጠበቃ ማማከር ይገባል።

በሁሉም ደረጃ የሚሠራ አንድ ደንብ አለ፤ ይግባኝ መጠየቅ ክፍያን አያስቀርም። ቢሉ በወቅቱ ይከፈላል፤ ባለቤቱ ከረታ በትርፍ የከፈለው ይመለስለታል። በሞርጌጅ የሚኖር ሰው ግብሩን ባንኩ ከኤስክሮ ስለሚከፍል ጉዳዩ ራሱን ችሎ ይሄዳል። አገር ቤት ከግብር ጋር የተሟገተ ነጋዴ ይህን ሲሰማ ብዙም አይገርመው ይሆናል፤ በ2008 ዓ.ም. የወጣው የፌደራል ታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983 ለግብር ይግባኝ ኮሚሽን አቤት የሚል ሰው ከሚከራከርበት ግብር ግማሹን አስቀድሞ እንዲያስይዝ ደንግጎ ነበር። በሜሪላንድ የሚያዝ ገንዘብ የለም፤ ቢሉ ግን ይከፈላል።

ማስታወቂያ በማይመጣበት ዓመት

የሦስት ዓመቱ ዙር ገና ነው ተብሎ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ አያስፈልግም። በመካከሉ ገበያው ከወደቀ ወይም ቤቱ ላይ ጉዳት ከደረሰ ባለቤቱ ግምቱ እንዲታይለት ማመልከት ይችላል፤ ማመልከቻው የሚቀጥለውን የግብር ዓመት እንዲመለከት ከጃንዋሪ 1 በኋላ ባለው የመጀመሪያ የሥራ ቀን መግባት አለበት። ከጃንዋሪ 1 እስከ ጁን 30 ባለው ጊዜ ቤት የገዛ ሰው ደግሞ ንብረቱ ከተዛወረለት ቀን ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለት ይፈቀድለታል። ይህ ለአዲስ ገዢ ትልቅ ዕድል ነው፤ ከግምቱ ባነሰ ዋጋ የገዛ ከሆነ ዋናው ማስረጃ እጁ ላይ ያለው የግዢ ውሉ ነው።

ከይግባኙ ጋር አብሮ መታየት ያለበት «ሆምስቴድ» የሚባለው ቅናሽ ነው። ባለቤቱ ራሱ ለሚኖርበት ዋና ቤት፣ ግብር የሚታሰብበት ግምት በዓመት ከተወሰነ ፐርሰንት በላይ እንዳይጨምር ያግዳል። ለስቴቱ ግብር ጣሪያው 10 ፐርሰንት ነው፤ ካውንቲዎች ከዚያ ዝቅ ሊያደርጉት ይችላሉ፤ በሞንትጎመሪ 10፣ በባልቲሞር ከተማ 4 ፐርሰንት ነው። በቅናሹ ምክንያት ግብር የሚታሰብበት ግምት ከሙሉው ግምት ብዙ ዝቅ ያለ ሰው፣ ይግባኙን ቢረታም ለጊዜው ቢሉ ላይ ለውጥ ላያይ ይችላል፤ ይህንም አስቀድሞ ማስላት ነው። የመጀመሪያ ቤቱን አከራይቶ ወደ ሌላ የተዛወረ ሰው ደግሞ የድሮው ቤት ቅናሽ ይቀርበታል፤ ለአዲሱ ማመልከት አለበት።

ሆምስቴድ በራሱ አይመጣም፤ ማመልከቻ ይሞላለታል፤ ለአንድ ቤት አንዴ ከተሞላ በቂ ነው። መሞላቱን የረሳ ሰው የቤቱን አድራሻ በኤስዳት መዝገብ ላይ ፈልጎ እስከ ግርጌው ይውረድ፤ የማመልከቻው ሁኔታ እዚያ ተጽፏል። ጸድቋል የሚል ከሆነ ወደ ስኩዌር ፊቱና ወደ መታጠቢያ ቤቶቹ ይመለስ። ማመልከቻ የለም የሚል ከሆነ ግን ከማንኛውም ይግባኝ በፊት የሚሞላው ቅጽ ይኸው ነው።